አይጥ በቤተ ሙከራ፦ የባህል መድኃኒት ሲፈተን የእንስሳት ደኅንነት እንዴት ይጠበቃል?

ደሴ፦ ለደቡብ ወሎ አርሶ አደር አይጥ የጎተራ ጠላት ናት፤ በወጥመድም ሆነ በመርዝ ብትሞት የሚያዝንላት የለም። በቤተ ሙከራ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው።

በባህል ሕክምና ለዘመናት ሲሰጡ የኖሩ ሥራ ሥሮችና ቅጠሎች ሳይመጠኑ ቢጠጡ ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ፈዋሽነታቸውም ሆነ መርዛማነታቸው በሳይንስ የሚፈተነው ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ በነጫጭ አይጦች ላይ ነው። በደሴ የሚገኙ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎችም እንዲህ ያሉ ጥናቶችን አሳትመዋል።

ፍተሻው ለእንስሳቱ ቀላል አይደለም። ለተቅማጥ ይበጃል የተባለ ቅጠል ሲፈተን አይጦቹ የጉሎ ዘይት እንዲውጡ ይደረጋል። የሕመም ማስታገሻ ሲሆን ደግሞ ሆዳቸው ውስጥ አሴቲክ አሲድ ተወግቶ ስንት ጊዜ በሕመም እንደተኮማተሩ ይቆጠራል። «አይጥ ናትና ምን አለበት» ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዕቅዱ በተቋሙ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊታይ ይገባል። ዋናው መለኪያ ዊልያም ረስልና ሬክስ በርች የተባሉ እንግሊዛውያን ሳይንቲስቶች በ1959 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ ነው፦ ያለ እንስሳ መሥራት አይቻልም? ቁጥራቸውን መቀነስስ? ሥቃያቸውን ማቅለልስ?

ቁጥር መቀነስ የወረቀት ቃል ብቻ አይደለም። ቀድሞ ከእንስሳቱ ግማሹን የሚገድለውን መጠን ለማወቅ ብዙ አይጦች ይሞቱ ነበር። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ይህን መመሪያ በ2002 እ.ኤ.አ. ሰርዞታል። በአገራችን ጥናቶች ዘወትር በሚጠቀሰው ቁጥር 425 መመሪያ መሠረት አንዲት አይጥ በመጀመሪያ በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 2 ሺህ ሚሊ ግራም ትወስዳለች። ከተረፈች አራት ሌሎች በየተራ ይከተላሉ፤ ለ14 ቀናትም ክትትል ይደረግላቸዋል።

በአንዳንድ አገሮች ገና በዕንቁላል ውስጥ ያለ የዜብራ ዓሣ ጽንስ የአይጥን ቦታ በከፊል ይተካል፤ አካሉ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ልቡ ሲመታ በአጉሊ መነጽር ይታያል። በአውሮፓ ኅብረት የ2010 እ.ኤ.አ. ሕግ የዓሣ እጭ ጥበቃ የሚያገኘው ራሱን ችሎ መመገብ ከጀመረ በኋላ ነው።

አያያዝም የሥነ ምግባሩ አካል ነው። ተመራማሪዎች በስፋት የሚጠቀሙበት የአሜሪካ የቤተ ሙከራ እንስሳት መመሪያ የአይጥ ማደሪያ ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሆን ይመክራል። ከኮምቦልቻ ይልቅ ብርድ በሚጠናባት ደሴ ይህ የምሽት ማሞቂያን ይጠይቃል። ላም ስትበርዳት ወተቷ እንደሚጎድል የሚያውቅ አርሶ አደር ምክንያቱ አይጠፋውም፤ በብርድ የምትንቀጠቀጥ አይጥ የምታሳየው ለውጥ ከመድኃኒቱ ይሁን ከብርዱ መለየት አይቻልም። ያኔ አይጧም በከንቱ ትሞታለች፤ መድኃኒቱን የሚጠጣው ሰውም ስለ ደኅንነቱ እርግጠኛ አይሆንም።