የመምህር ጸሎትና የተማሪ ጸሎት

በሜሪላንድ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። አካባቢያችን የሐበሻ ቤተሰብ ስለሚበዛበት ከብዙ ወላጆች ጋር የማወራው በአማርኛ ነው። ስለ ልጁ ውጤት የጀመርነው ጨዋታ ሳናስበው ወደ ሃይማኖት ይዞራል፤ ከዚያ ያቺ የተለመደች ንግግር ትከተላለች፦ «እዚህ አገር እኮ ጸሎት ከትምህርት ቤት ወጥቷል።» ክርስቲያኑም ይላታል፣ ሙስሊሙም ይላታል፤ ሁለቱም በቁጭት። እኔ ግን በምውልበት ቤት ጸሎት ጠፍቶ አላየሁም።

ምሳ ሰዓት ላይ አማትቦ የሚበላ ልጅ አለ። በአንዲት ትርፍ ክፍል መስገጃ አንጥፈው ዙህር የሚሰግዱ ልጆች አሉ። በረመዳን የሌላውን ትሪ እያዩ ከመቀመጥ ቤተ መጻሕፍት መዋል ለሚመርጡት የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ ወንበር ይዛ ትጠብቃቸዋለች። ከትምህርት በኋላ የሚሰበሰብ የመጽሐፍ ቅዱስ ክበብም አለን። ልጆቹ በራሳቸው መጸለያቸው የርእሰ መምህሩ ችሮታ ሳይሆን በሕግ የተጠበቀ መብታቸው ነው። ከ2002 ጀምሮ (የኢትዮጵያ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ የሚቀበል የትምህርት አስተዳደር በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀውን ጸሎት የሚከለክል ደንብ እንደሌለው በየዓመቱ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት።

ስለዚህ ክርክሩ «ይፈቀድ ወይስ ይከልከል» ተብሎ ሲቀርብ ከሥራዬ ጋር አልገጥም ይለኛል። እኔን የሚገጥሙኝ ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው፦ ልጁ መቼና የት ይጸልይ? ጸሎቱንስ ማን ይምራው?

የመጀመሪያው ቀላል ይመስላል፤ ዋናው ልፋት ግን እዚያ ነው። የዙህርን ነገር ልውሰድ። ሶላቱ የሚገባው ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ነው፤ ጊዜው የሚያልፈው ቀጣዩ ሶላት፣ ዐስር፣ ሲገባ ነው። እኛ የምንለቀው በዚህ አገር ሰዓት 2፡30 ላይ ነው። በኤፕሪል ዙህር ከ1፡00 በኋላ ገብቶ እስከ 5፡00 ገደማ ስለሚቆይ ልጁ ቤቱ ደርሶ ተረጋግቶ ይሰግዳል። በዲሴምበር ግን ዙህር እኩለ ቀን ላይ ይገባና ዐስር የመውጫው ደወል በሚደወልበት ሰዓት ገደማ ይደርሳል። አውቶቡስ ይዞ ቤት እስኪደርስ ጊዜው ያልፍበታል። ይህን የማያውቅ ኃላፊ «በጸደይ አልጠየቅኸኝም ነበር፤ አሁን ከየት መጣ?» ይላል። የ15 ዓመት ልጅ ደግሞ ስለ ፀሐይ አካሄድ ቆሞ ማስረዳት ያሳፍረዋል። የዓመቱን የሶላት ጊዜ ከደወላችን ጋር ጎን ለጎን አድርጌ በአንድ ገጽ ለአማካሪዎቹ ከሰጠሁ ወዲህ ንግግሩ አጠረ፤ ልጆቹ ከምሳ ሰዓታቸው ጥቂት ደቂቃ ቀንሰው ይሰግዳሉ፣ ትምህርትም አያልፋቸውም።

የቀረው ሁሉ እንዲህ ያለ ነው። ውዱእ ሲያደርጉ መጸዳጃ ቤቱ ወለል ይረጥባል፤ የጽዳት ሠራተኛው የሚያማርረው ሰው እንዳይንሸራተት ፈርቶ እንጂ ስለ እስልምና ክፉ አስቦ አይደለም። አንድ የውኃ ጆግና ፎጣ ነገሩን ጨረሰው። የስፖርት አሠልጣኝ ማተብን እንደ ጌጥ ቆጥሮ «አውልቀው» ይላል፤ ማተብ ምን እንደሆነ ሲነገረው በቲሸርቱ ሥር በፕላስተር ይያዝ ብሎ ያልፋል። በዐቢይ ጾም ምሳዋን የማትቀምስ ልጅ ስታይ ነርሷ የአመጋገብ ሕመም ነው ብላ ትሰጋለች፤ መስጋቷም ሥራዋ ነው። ጾሙ 55 ቀን እንደሆነ፣ ልጅቷ ከሰዓት በኋላ እንደምትበላ፣ ሥጋና ወተት እንደማትነካ ወላጅ ቀድሞ ቢጽፍላት ስልክ አይደወልም ነበር። ጸሎትን ከትምህርት ቤት አስወጣ የሚባለው ሕግ ከእነዚህ በአንዱም ላይ እንቅፋት ሆኖብኝ አያውቅም። እንቅፋት የሆነብን አለማወቅ ነው።

ታዲያ ፍርድ ቤት የከለከለው ምንድን ነው? በ1962 የወደቀው ጸሎት የኒውዮርክ ግዛት የትምህርት ባለሥልጣናት ራሳቸው ያረቀቁት ነበር። በእንግሊዝኛ 22 ቃላት ብቻ ነው፤ የየትኛውንም ሃይማኖት ስም አያነሳም፤ ያልፈለገ ልጅ ዝም ማለት ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን 6 ለ 1 በሆነ ድምፅ ሻረው። ዳኛ ሁጎ ብላክ የሰጡት ምክንያት በአጭሩ፣ ለሕዝብ ጸሎት መድረስ የመንግሥት ሥራ አይደለም የሚል ነው። በዓመቱ ተራው የእኛው ግዛት ከተማ የባልቲሞር ሆነ። እዚያ ከ1905 ጀምሮ ትምህርት የሚከፈተው የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ በማንበብ ወይም አባታችን ሆይ በመድገም እንዲሆን ደንብ ወጥቶ ነበር። በፔንስልቬንያም ጠዋት ጠዋት ቢያንስ 10 ጥቅስ ያለ ማብራሪያ እንዲነበብ ሕግ ያዝዝ ነበር። ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ላይ ታይተው 8 ለ 1 ወደቁ።

ከዚህ መዝገብ ውስጥ እንደ መምህር የማልረሳው አንድ ነጥብ አለ። የፔንስልቬንያው ከሳሽ አባት ኤድዋርድ ሼምፕ ሕጉ እየፈቀደላቸው ልጆቻቸውን ከንባቡ ለምን እንዳላስወጡ ተጠየቁ። ከመለሷቸው ምክንያቶች አንዱ፣ የሚወጣ ልጅ ኮሪደር ላይ መቆም አለበት፣ ኮሪደር ላይ የሚቆም ልጅ ደግሞ አጥፍቶ የተቀጣ ነው የሚመስለው የሚል ነበር። ትምህርት ቤት የዋለ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በወረቀት ላይ «ያልፈለገ ይውጣ» ማለት ነጻነት ነው፤ 30 ጓደኞቹ እያዩት ወንበሩን ገፍቶ ለሚወጣ ልጅ ግን ቅጣት ነው። አብዛኛው ልጅ ከመውጣት ይልቅ ያላመነበትን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ማለፍን ይመርጣል። እንዲህ ያለው ልጅ የተማረው ጸሎትን ሳይሆን ማስመሰልን ነው።

አንዲት እናት በወላጆች ምሽት እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ እርስዎ የኛ ሰው ነዎት። ጠዋት ትምህርት ከመጀመርዎ በፊት አባታችን ሆይ ቢያስብሏቸው ምን አለበት?»

«ሙስሊሞቹስ ልጆች?» አልኳቸው።

«እነሱ ዝም ይበሉ፤ ማን አስገደዳቸው?»

«ከእኔ ቀጥሎ ያለው መምህር እምነቱ ሌላ ቢሆንና የእርስዎን ልጅ በራሱ መንገድ ቢያስጸልይብዎትስ?»

«እሱማ አይሆንም!» አሉ ፈጥነው። ከዚያ ግን ዝም አላሉም። «እሺ፣ ይህን አሸነፉኝ። ግን ልጄ የእግዚአብሔር ስም በማይጠራበት ቤት ቀኑን ሙሉ እየዋለ ምን ሆኖ ያድጋል? ዝምታውስ ሃይማኖት አያስተምርም?»

እውነታቸውን ነው፤ ዝምታም ያስተምራል። ቀኑን ሙሉ ስለ ቁጥርና ስለ ኬሚካል ሲሰማ ውሎ ስለ ፈጣሪ አንድም ቃል ያልሰማ ልጅ፣ ፈጣሪ በቁም ነገር ሰዎች ዘንድ ቦታ የለውም ብሎ ሊደመድም ይችላል። መምህሩ ጸልዮ የሚፈጠረው ጉዳት ግን ይብሳል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም በክፍሌ ያለኝን ሥልጣን አውቀዋለሁ። ውጤት የምሰጠው እኔ ነኝ። ለኮሌጅ የድጋፍ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ። ማን ከፍ ወዳለው የሒሳብ ክፍል እንደሚያልፍ ሲወሰን የእኔ ቃል ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ሰው «እንጸልይ» ሲል ጥያቄ ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ እሱ ባያስበውም ልጆቹ ያስቡታል። እኔን ደስ ለማሰኘት አሜን የሚል ልጅ ጸሎቱን ያቀረበው ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለእኔ ነው። ያ ደግሞ እንደ ሒሳብ መምህር ብቻ ሳይሆን እንደ ኦርቶዶክስ አማኝም ያስፈራኛል።

«አገራችን ቢሆን» የሚሉ ወላጆችም አሉ። አገራችንም ቢሆን ሕጉ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ይለያል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከማንኛውም ሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይላል። ከዚያ በፊት የነበረውም አይረሳም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጓት ነበር። በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች አደባባይ ወጥተው እኩልነትና የበዓሎቻቸውን መከበር የጠየቁት በዚያ ሥርዓት ውስጥ ኖረው ነው። የትምህርት ቤት ጸሎት የሚናፍቀን እኛ ብዙ የነበርንበትን ጊዜ እያሰብን ነው። እዚህ ግን ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ሐበሻ ጥቂት ነው። በዚህ አገር የትምህርት ቤት ጸሎት ቢመለስ በግዕዝ የሚደገም ወይም ወደ መካ የሚሰገድ እንዳይመስለን፤ የሚመለሰው የአካባቢው ብዙኃን ጸሎት ነው።

ስለ ክበቡም ሳልነግራችሁ አላልፍ። የ1984ቱ የእኩል ዕድል ሕግ፣ ከትምህርት ጋር ያልተያያዘ አንድ የተማሪ ክበብ እንኳ የፈቀደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሃይማኖቱን ክበብ መከልከል አይችልም ይላል። ነገር ግን ክበቡ የተማሪዎቹ መሆን አለበት። መምህር ቢገኝ ለጥበቃ ያህል ነው፤ በጸሎቱ አይሳተፍም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ደግሞ ክበቡን ሊመራ ወይም ዘወትር ሊገኝ አይችልም። ወላጆች «ዲያቆኑ በየሳምንቱ መጥቶ ያስተምርልን» ወይም «ኡስታዙ ይግባልን» ሲሉኝ እንቢ የምለው ለዚህ ነው። ልጆቹ ሲዘምሩ እኔ ጥግ ላይ ወረቀት አርማለሁ። መዝሙሩን አውቀዋለሁ፤ አብሬ ማለትም ያምረኛል። ሆኖም ስብሰባውን መክፈት፣ የሚነበበውን መምረጥ፣ ሲጣሉ መታረቅ የእነሱ ሥራ ሆኗል። ትልቅ ሰው ቢመራቸው ኖሮ ይህን ሁሉ አይለምዱትም ነበር።

በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መስመሩን ትንሽ ገፋ አደረገው። በዋሽንግተን ግዛት በብሬመርተን ከተማ የእግር ኳስ (የአሜሪካኖቹ ዓይነት) አሠልጣኝ የነበረው ጆሴፍ ኬኔዲ ከጨዋታ በኋላ በሜዳው መሐል ተንበርክኮ በመጸለዩ ከትምህርት አስተዳደሩ ጋር ተጋጭቶ ከሰሰ፤ 6 ለ 3 ረታ። አብዛኞቹ ዳኞች የአንድ ግለሰብ የግል ጸሎት ነው አሉ። ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር በልዩነት ሐሳባቸው ውስጥ ፎቶግራፎች አስገብተው፣ አሠልጣኙ በተጫዋቾች ተከቦ እንደነበር አሳዩ። እኔ በሁለቱም ወገን እውነት አያለሁ። መምህርም ነፍስ አለው፤ ምሳዬን ሳማትብ ማንም ሊቆጣኝ አይገባም። ግን ማን ተሰልፎ ማን ተጠባባቂ እንደሚሆን የሚወስን ሰው በሜዳው መሐል ሲንበረከክ፣ ልጁ ቀጣዩን ጨዋታ አስቦ ነው ጎኑ የሚንበረከከው። ስለዚህ ፍርዱ ለእኔ የፈቀደልኝን ሁሉ አልጠቀምበትም። ከልጆቹ ፊት ሳልሆን፣ ሥራ በሌለኝ ሰዓት እጸልያለሁ።

ቴክሳስ በ2025 ባወጣው ሕግ ሌላ መንገድ ሞክሯል፦ የየወረዳው የትምህርት ቦርድ የጸሎትና የቅዱሳት መጻሕፍት ንባብ ጊዜ ይኑር አይኑር ብሎ ድምፅ እንዲሰጥ አዘዘ፤ ልጁ የሚካፈለው ወላጅ ከፈረመ ነው። በግድ እንዳይሆን መታሰቡ መልካም ነው። የወላጅ ፊርማ ግን የወላጅን ፈቃድ ያሳያል እንጂ የኮሪደሩን ችግር አይፈታም፤ ማን ፈርሞ እንደገባ፣ ማን ሳይፈርም ውጭ እንደቀረ ልጆቹ በሁለተኛው ቀን ያውቁታል።

ወላጆች ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ የምመክራችሁ ይህን ነው። ትምህርት እንደተከፈተ ለልጃችሁ አማካሪ አንድ ደብዳቤ ጻፉ፤ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጁ ይርዳችሁ ወይም የትምህርት ቤቱን አስተርጓሚ ጠይቁ። ገና ጃንዋሪ 7 እንደሆነ፣ የእኛ ስቅለትና ፋሲካ ከእነሱ ጋር ሁልጊዜ እንደማይገጥም፣ ኢድ በየዓመቱ ቀኑ እንደሚቀያየር ግለጹና ልጁ የሚቀርበት ቀን በፈቃድ እንዲመዘገብለት ጠይቁ። ማተቡን፣ ሒጃቧን፣ ጾሙን፣ የሶላቱን ሰዓት በስም ጥቀሱ። ለጁምዓ ወይም ለስቅለት ቀደም ብሎ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ መውጫ ሰዓቱን ጻፉ። አማካሪው ካልመለሰ ለርእሰ መምህሩ፣ እሱም ካልመለሰ ለትምህርት አስተዳደሩ ጻፉ፤ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ጸሎቱን ማስተማር ግን ለእኛ ለመምህራን አትተዉት። እኔ ልጃችሁን ኳድራቲክ ኢኩዌሽን አስተምርላችኋለሁ፤ አባታችን ሆይን ወይም ፋቲሓን ከእናንተ ይዞ ይምጣ።