በመካነ ሰላም ደጋ የኦርኪድ አበባ እንዴት እንደሚታወቅና እንደሚጠበቅ

ኦርኪድ የሚባለው አበባ በባሕር ማዶ በብዙ ድካም ተኮትኩቶ በውድ ዋጋ ይሸጣል፤ በአገራችን ግን ማንም ሳይተክለው በየደኑና በየመስኩ ይበቅላል። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ አገር ሊቃውንት ጋራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ባሳተሙት መጽሐፍ የኢትዮጵያን ኦርኪድ ዘርዝረዋል፤ ዐይነቱም ከ160 ይበልጣል። በመካነ ሰላም አቅራቢያ ያለው የደንቆሮ ጫካ፥ ዛሬ በብሔራዊ ፓርክነት የተከለለው፥ ጽዱና አስታው ስላልጠፋ ይህን አበባ ለሚፈልግ ሰው የተመቸ ስፍራ ነው።

መለያው እንዲህ ነው። አበባው ስድስት ቅጠል አለው፤ ከነዚህም አንዱ፥ ከንፈር የሚባለው፥ ከቀሩት በመልክ ይለያል። በብዙዎቹም ከኋላው ማር የሚቋጥር ቀጭን ቀንድ ይታያል።

አኗኗሩም ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በመሬት የሚበቅለው ነው፤ በበጋ ሥሩ በአፈር ውስጥ ተሰውሮ ይቈይና በክረምት ይወጣል፤ አብዛኛውም ከሐምሌ እስከ መስከረም ያብባል። አበባው ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ወይም ነጭ ስለ ሆነ ጐንበስ ብሎ ካልፈለጉት ከሣሩ አይለይም። ሁለተኛው ሽበት በለበሰ አሮጌ ዛፍ ላይ የሚኖረው ነው። ይህን ሰው ተቀጽላ እየመሰለው ይነቅለዋል፤ ነገሩ ግን ስሕተት ነው። ተቀጽላ የዛፉን ምግብ ይመጥጣል፤ ኦርኪድ ግን በዛፉ ላይ ተደግፎ ከዝናቡና ከጤዛው ይጠጣል እንጂ ዛፉን አይጐዳም።

ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀና ስንቅ የሌለው ስለ ሆነ፥ የሚመግበው ረቂቅ ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። ስለዚህ ከዱር ተነቅሎ በግቢ ቢተከል ብዙውን ጊዜ ይደርቃል፤ በአበባው ወራት ከታጨደ ወይም ከተጋጠም የዚያ ዓመት ዘሩ ይቀራል።

እንግዲህ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች ሦስት ነገር ያስቡ። አንደኛ፥ አበባው የታየበትን ስፍራና ቀን በመዝገብ ያጽፉ፤ ሥሩን ሳያስነቅሉ ፎቶግራፍ ያስነሡ። ሁለተኛ፥ አሮጌውን ዛፍ አያስቈርጡ። ሦስተኛ፥ ከገበሬው ጋራ ተማክረው፥ መስኩን ሁሉ ሳይሆን አበባው ያለበትን ቍራሽ ብቻ ዘሩ እስኪረግፍ ያስጠብቁ፤ ከዚያ በኋላ ሣሩ ቢታጨድ ገበሬው ድርቆሹን አያጣም። በመንዝ ጓሳ በጥንቱ የቄሮ ሥርዓት ሣሩ ተከልሎ በጊዜው ይከፈት እንደ ነበረ ሁሉ፥ ይህም ለባላገሩ እንግዳ ነገር አይደለም።

ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. በገባችበት የዓለም መንግሥታት ውል መሠረት የዱር ኦርኪድ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የተከለከለ መሆኑንም ለሕዝቡ ማስታወቅ ይገባል።