ስለ ዘጌ ዱርና በማኅበር ስለ መሄድ

በአማኑኤልና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለው አገር ደጋ ነው። ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ቢመለከት የሚያየው የጤፍና የስንዴ እርሻ፥ የከብት መስክና ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍም በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከውጭ አገር የመጣ ነው እንጂ የአገሩ ዱር አይደለም። የቀድሞው ጥድና ወይራ አሁን በብዛት የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ስለዚህ የአማኑኤል ልጅ ሰፊ ዱር ለማየት ቢፈልግ ሩቅ መንገድ መሄድ ያስፈልገዋል።

ከአማኑኤል ተነሥቶ በደምበጫ፥ በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬ፥ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል አልፎ ባሕር ዳር የሚደርስ ሰው ጣናን ያገኛል። ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ቢሄዱ ዘጌ ይደረሳል። ዘጌ በሦስት ወገን ውሃ የከበባት፥ በአንድ ወገን ከየብስ ጋራ የተያያዘች፥ ዛፍ የለበሰች ምድር ናት።

ለዚህ መንገድ የሚመቸው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በዚሁ ወራት የአውሮፓ ሰዎች ክረምት ነው፤ በሰሜን በኩል ባሉት አገሮች ሐይቁ ከብርድ የተነሣ ይረጋና ሰው በላዩ ይሄድበታል። በእኛ አገር ግን ክረምት ማለት ዝናብ ነውና በሐምሌ የዘጌ መንገድ ጭቃ ይሆናል፤ ድንጋዩም ያድጣል። በታኅሣሥ ማለዳው ቢበርድም መንገዱ ደረቅ ነው፤ የቡናውም ፍሬ ቀልቶ ይለቀማል።

ከጀልባ ወርደው ጥቂት ሽቅብ ቢወጡ ፀሐይ ትሰወራለች። ከላይ ዋንዛ፥ ብርብራና ሰሳ ቅርንጫፋቸውን ገጥመው እንደ ቤት ጣራ ይሆናሉ፤ ከሥራቸው ቡናና ጌሾ ይበቅላሉ። ቡና ጥላ ይወዳልና የትልቁ ዛፍ መኖር ለቡናው ደግ ነው። ጦጣዎች ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላሉ።

ሌላው አገር ሲመነጠር ይህ ዱር እንዴት ቀረ? በዘጌ ሰዎች ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር የኖረው ታሪክ፥ አቡነ በትረ ማርያም የተባሉት መነኵሴ ምድሪቱ እንዳትታረስ፥ ከብትም እንዳይረባባት አዝዘው ነበር ይላል። ሕዝቡም ትእዛዙን ጠበቀ። ልጆች ሆይ፥ ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። የአማኑኤል ገበሬ በሬህን ተው ቢባል ምን ይመልሳል? የዘጌ ሰው ግን ሞፈርና ቀንበር ትቶ ቡናውን፥ ጌሾውንና ሎሚውን ይሸጣል፤ እህሉንም ከገበያ ይገዛል። ቡናው ባላፈራ ዓመት የእህል መግዣው ያጥረዋል። ያን ጊዜ ችግረኛው ዛፍ ይቈርጥና እንጨቱን በደንገል ታንኳ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ለሽያጭ ይወስዳል፤ ዱሩም በዚህ ይጎዳል። እርሱን ከመንቀፍ አስቀድሞ ግን ልጆቹ ምን እንደሚበሉ መጠየቅ ይገባል።

በዚህ ዱር ብዙ ሆኖ መሄድ ሥርዓት ይፈልጋል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ወደየቤቱ የሚወስድ ብዙ ቅያስ አለው፤ ድምፅም በቅጠሉ ውስጥ ሩቅ አይሰማም። ስለዚህ ተጓዦች ሲነሡ ይቈጠራሉ። መንገድ መሪው ይቀድማል፤ ቶሎ የሚደክመው ልጅ ከእርሱ ቀጥሎ ይሄዳል፤ ብርቱው ከሁሉ በኋላ ይሆናል። ብርቱ ልጅ ይህን አይወድም።

አንድ ጊዜ ከደጋ የመጡ 38 ተማሪዎች ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሲሄዱ ብርቱዎቹ፥ ሥዕሉን አስቀድመን እንይ ብለው ሮጡ፤ የቀሩትም ተከተሏቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲቈጠሩ 37 ሆኑ። የጠፋው ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ ነበር። መምህሩ ደነገጠ፤ ከቀትር በኋላ በጣና ላይ ነፋስ ይነሣልና ጀልባው ብዙ ሊቈይ አይችልም ነበር። ትልልቆቹም ሥዕሉን ሳያዩ ተመለሱና ሁለት ሁለት ሆነው በየቅያሱ እየተጣሩ ፈለጉት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ቡና ስትለቅም የነበረች አንዲት ሴት እጁን ይዛ አመጣችው። ጫማው እግሩን ልጦት ሊያወልቀው ሲቀመጥ ጓደኞቹ ከዓይኑ ተሰውረው፥ እርሱም በሌላ ቅያስ ሄዶ ኖሯል።

«ልጄ፥ ስለ ምን አልተጣራህም?» አለው መምህሩ።

«ደከመው እንዳይሉኝ አፍሬ ነው» ሲል መለሰ።

በመመለሻው ትንሹ ልጅ ከመሪው ቀጥሎ፥ ባዶ እግሩን እያነከሰ ሄደ። ከሁሉ አስቀድሞ የሮጠው ልጅ የትንሹን ጫማ በእጁ ይዞ ከሁሉ በኋላ ሄደ። ነፋሱም ተነሥቶ ነበርና ወደ ጀልባው ሲገቡ ልብሳቸው በሞገድ ራሰ።