ኦሪት፦ የቤተ እስራኤል ብራና

ኦሪት የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል በግዕዝ የሚያነቡት ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ሌሎች አይሁድ ቶራን በዕብራይስጥ ጽፈው፣ ብራናውን ጫፍ ለጫፍ ሰፍተው በሁለት እንጨት ይጠቀልሉታል፤ የቤተ እስራኤል ኦሪት ግን ተጠርዞ በገጽ በገጹ የሚገለጥ ነው። ከአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ሌላ ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን ስለሚጨምር ስምንት ይሆናል። ይህ አከፋፈል በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም የታወቀ ነው፤ ሁለቱም የሚያነቡት በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰውን ትርጉም ነውና።

አሠራሩም የአገሩ ብራና ፋቂና ደጓሽ ከሚያውቀው አይወጣም። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተዘፍዝፎ ይወጠራል፤ ጠጉሩና ሥጋው ተፍቆ ሲደርቅ ይለሰልስና ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይበጃል፤ ቀዩ ለመክፈቻ ይቆጠባል። ብዕሩ መቃ ነው። ቤተ እስራኤል የራሳቸው ጸሐፊዎች ቢኖሯቸውም ከክርስቲያን ቁም ጸሐፊዎች የተገዙ መጻሕፍትም ብዙ ናቸው። በእነዚህ ላይ በሥላሴ ስም የሚጀምረው መክፈቻ ተፍቆ የእስራኤልን አምላክ የሚባርክ ቃል ተተክቶበት ይገኛል። የሁለቱን ሃይማኖቶች ጉርብትናም ልዩነትም እንደዚህ የተፋቀ ቦታ አጉልቶ የሚያሳይ ማስረጃ ጥቂት ነው።

መጽሐፉን የሚጠብቁትና የሚያነቡት ቄሶች ናቸው፤ የጸሎት ቤቱም መስጊድ ይባላል። የስርየት ጾም ከሆነው ከአስተሥርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን በሚውለው ስግድ ቄሶቹ ኦሪትን ይዘው ተራራ ይወጣሉ፤ ሕዝቡም እየጾመ ይከተላቸዋል። በግዕዝ የተነበበው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጎማል። ጎንደር ውስጥ አምቦበር በዚህ በዓል የታወቀ መንደር ነበር።

ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህል ቤተ እስራኤል በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተጓዙ። በዚያ መንገድና በስደተኞች መጠለያ ያለቁት ወደ 4,000 ይገመታሉ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ተወሰደ። ከሕዝቡ ጋር ቄሶቹና መጻሕፍታቸውም ተሻገሩ።

በእስራኤል ስግድ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ሲሆን፣ ቄሶች ባለ ጥልፍ ጥላ ተዘርግቶላቸው ኢየሩሳሌም ላይ ኦሪትን ያነባሉ። በዕብራይስጥ ያደገው ትውልድ ግን ግዕዙን አያነብም፤ ከብራናው እርጅና ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ነው። በ1896 ዓ.ም. ቤተ እስራኤልን ለማጥናት ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ዣክ ፋይትሎቪች የሰበሰባቸው መጻሕፍት በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በቄሶች ቤት የቀሩት ጥራዞችም ፎቶግራፍ እየተነሡ እየተመዘገቡ ነው፤ ንባቡንም ከአረጋውያኑ ቄሶች የሚማሩ ወጣቶች አሉ።