ቁልፉ እያለ በሩ ለምን እምቢ ይላል?

በስደት ያለ ማኅበር መዝገቡን ተሸክሞ የሚዞር ነው። የአባላት ስም፣ የመዋጮ ሂሳብ፣ ከአገር ቤት የመጣ ሰነድ፣ ሁሉም አውራ ጣት በማታህል ፍላሽ ገብቶ ከዋሽንግተን ፍራንክፈርት ይሻገራል። ፍላሿ ባቡር ላይ ብትረሳ ጣጣው አገር ቤት ለቀሩት ዘመዶች ይተርፋል። ስለዚህ በምስጢር ቃል ትቆለፍ ማለት ቅንጦት አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ከቆለፉ በኋላ ነው። ገንዘብ ያዡ ዊንዶውስ አላቸው፤ ጸሐፊዋ ማክ፤ ሌላው ደግሞ ከሊኑክስ ወዲያ ላሣር የሚል ነው (በየማኅበሩ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም)። በዊንዶውሱ ቢትሎከር የተቆለፈችን ፍላሽ ማክ በራሱ አይከፍትም። ማክ የቆለፋትንም ዊንዶውስ አያውቃትም። ይባስ ብሎ «ፎርማት ላድርጋት?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ላይ «እሺ» ያለ ሰው የማኅበሩን መዝገብ በገዛ እጁ ደመሰሰ ማለት ነው።

ለሦስቱም የሚሆነው ቬራክሪፕት የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። በ2013 የወጣው በትሩክሪፕት ላይ ተመሥርቶ ሲሆን፣ የትሩክሪፕት ሠሪዎች በ2014 ሥራቸውን አቁመዋል። ታዲያ ፍላሿን በሙሉ አትቆልፉ። ፍላሿን ኤክስፋት በሚባለው አሠራር ፎርማት አድርጋችሁ፣ በውስጧ አንድ የተቆለፈ ፋይል ፍጠሩ፤ ሙዳይ በሉት። የሙዳዩም ውስጥ ኤክስፋት ይሁን። የድሮው ፋት 32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ የዊንዶውሱን ኤንቲኤፍኤስ ደግሞ ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ማክ ያላቸው ማክፊውዝ የሚባል ረዳት ፕሮግራም ጭምር መጫን ይኖርባቸዋል። ፍላሿን ከመንቀልዎ በፊት ሙዳዩን ይዝጉ።

የምስጢር ቃሉን በግዕዝ ፊደል ባታደርጉት ይሻላል። አማርኛ መጻፊያው ከኮምፒዩተር ኮምፒዩተር ስለሚለያይ ቃሉን እያወቁት መጻፍ ሊያቅታችሁ ይችላል። በላቲን ፊደል የተጻፉ አምስት ስድስት የማይገናኙ ቃላት ይበቃሉ። ቃሉ ከጠፋ ግን ቬራክሪፕትም አይታደጋችሁም። ከፍላሿ ጋር በወረቀት ጽፎ መላክማ በሩን ቆልፎ ቁልፉን እደጃፍ ማንጠልጠል ነው።

በመንገደኛ እጅ ወደ አገር ቤት ልላክ የሚል ካለ ግን ረጋ ይበል። በ2014 በታሰሩት የዞን 9 ጦማሪዎች ክስ ላይ ምስጢር የመቆለፍ ሥልጠና እንደ ወንጀል ማስረጃ ተጠቅሶ ነበር። ሙዳዩ ባይከፈትም መያዙ ራሱ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ መልሱን የሚሰጠው ደግሞ ላኪው ሳይሆን መንገደኛው ነው።