የእንሰት ቅጠል ጉዳት

የእንሰት ቅጠል ጉዳት በበሽታ፣ በተባይ፣ በምግብ እጥረት ወይም በአየር ሁኔታ ምክንያት በእንሰት ቅጠሎች ላይ የሚታይ መጠውለግ፣ ቢጫ መሆን፣ ነጠብጣብ፣ መድረቅ ወይም መቀደድ ነው። ብዙዎቹ ጉዳቶች ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው። በአጠውልግ በሽታ የተያዘ እንሰት ከነሥሩ ተነቅሎ መወገድ አለበት። ፍግ ያነሰው እንሰት ግን ፍግ ሲያገኝ ያገግማል። መንስኤውን ሳይለዩ መንቀል የብዙ ዓመት ምግብ ያሳጣል፤ የታመመውን ሳይነቅሉ መተው ደግሞ ጓሮውን በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል።

እንሰትና ቅጠሉ

እንሰት (ሳይንሳዊ ስሙ ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም) ከሙዝ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ ተክል ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ኮባ ይባላል፤ በዚያ በብዛት የሚፈለገው ቅጠሉ ሲሆን ዳቦ ሲጋገር ሊጡ ይጠቀለልበታል። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ግን ዋና ምግብ ነው። ከግንዱና ከሥሩ ቆጮ፣ ቡላና አሚቾ ይገኛል፤ ቃጫውም ለገመድና ለጆንያ ይውላል። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን በእንሰት እንደሚኖሩ ይገመታል። በሲዳምኛ ተክሉ ዌሴ፣ ቆጮው ደግሞ ዋሳ ይባላል።

በሐዋሳ ከተማ ዳርቻ በምትገኘው ቡሹሎና በሌሎች የሲዳማ አካባቢዎች እንሰት የሚተከለው በቤት ዙሪያ ነው። ተክሉ ለምግብ ለመድረስ እንደ ቦታው ከፍታና እንደ ዝርያው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ በጓሮ የቆመ እንሰት ለቤተሰቡ እንደ ጎተራ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋና ሌላው ሰብል ሲከሽፍ የሚቆረጠው እሱ ነው። ቅጠሉ ሲበላሽ የሚያስፈራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳትን ለመለየት የቅጠሉን ዕድሜ ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ከመሃል ይወጣል፤ ከዚያም ይፈታና እየተገፋ ወደ ዳር ይሄዳል። ስለዚህ የመሃሉ ቅጠል ለጋ፣ የዳሩ ደግሞ ያረጀ ነው። የዳር ቅጠሎች ደርቀው ግንዱ ላይ መንጠልጠላቸው የተፈጥሮ እርጅና እንጂ በሽታ አይደለም። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጉዳቱ የጀመረው ከመሃል ነው ወይስ ከዳር?» የሚል ነው።

አጠውልግ በሽታ

አጠውልግ እንሰትን ከሚያጠቁ በሽታዎች ሁሉ የከፋው ነው። ካስቴላኒ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1939 በኢትዮጵያ ስላለ የእንሰት መበስበስ ጽፏል። የበሽታው መንስኤ ባክቴሪያ መሆኑን ያረጋገጡት ግን ዳኛቸው ይርጉ እና ብራድበሪ ናቸው፤ ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ1968 ታተመ። እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ያው ባክቴሪያ ሙዝንም እንደሚያጠወልግ አሳወቁ። በሽታው እ.ኤ.አ. በ2001 በኡጋንዳ የሙዝ እርሻዎች ከታየ በኋላ ወደ ሌሎች የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች ተስፋፍቷል። ባክቴሪያው ለረጅም ጊዜ ዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ ሲባል ቆይቷል፤ በኋላ በተደረገ የዘር ጥናት ዛንቶሞናስ ቫሲኮላ ከሚባለው ዝርያ ጋር ተመድቧል።

በሽታው ተክሉን በማንኛውም ዕድሜ ሊይዝ ይችላል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመሃል ይጀምራል። ለጋው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ጫፉ ይታጠፋል፣ ከዚያም እንደ ተቀቀለ ጎመን ይዝላል። ቀጥሎ ሌሎቹ ቅጠሎች በየተራ ይከተላሉ፤ የቅጠሉ ዘንግ ተሰብሮ ይንጠለጠላል፣ በመጨረሻም ተክሉ በሙሉ ይበሰብሳል። ባክቴሪያው የሚኖረው ውሃና ምግብ በሚያልፍባቸው የተክሉ ቧንቧዎች ውስጥ ነው። ቧንቧዎቹ በዝልግልግ ፈሳሽ ሲዘጉ ውሃ ወደ ቅጠሉ አይደርስም። በዚህ ምክንያት አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል።

የመቁረጥ ፈተና

አጠውልግን ከሌሎች ጉዳቶች ለመለየት በጓሮ ውስጥ ሊደረግ የሚችል ቀላል ፈተና አለ።

1. ከተጠረጠረው ተክል መጠውለግ የጀመረ አንድ ቅጠል ይመረጣል።
2. ዘንጉ በንጹሕ ቢላዋ በአግድም ይቆረጣል።
3. የተቆረጠው ፊት እስከ 15 ደቂቃ ድረስ ይታያል።
4. ክሬም የመሰለ ወይም ቢጫ ወፍራም ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያለ ከወጣ አጠውልግ ነው።
5. ፈተናው እንዳለቀ ቢላዋው ወዲያው በእሳት ይለበለባል ወይም በበረኪና ውሃ ይታጠባል።

ከጤነኛ እንሰትም ፈሳሽ ይወጣል፤ ነገር ግን ቀጭንና ውሃ የመሰለ ነው፣ ሲቆይም ወደ ቡናማ ይለወጣል። ሁለቱን እንዳያምታቱ በመጀመሪያ አንድ ጤነኛ ተክል፣ ከዚያም የተጠረጠረውን ቆርጦ ማነጻጸር ይጠቅማል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም፤ ቢላዋው ከታመመው ወደ ጤነኛው ከሄደ ፈተናው ራሱ በሽታ አስተላላፊ ይሆናል። በሽታው ገና ሲጀምር ፈሳሹ ላይታይ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ተክሉ ላይ ምልክት ተደርጎ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ይታያል፤ እስከዚያው ድረስ ከእሱ ቅጠል አይቆረጥም፣ ከብትም አይጠጋውም።

የሚተላለፍበት መንገድ

እንሰት ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው ሳያብብ ወይም ማበብ ሲጀምር ስለሆነ፣ በሙዝ ላይ እንደሚታየው አበባ የሚጎበኙ ነፍሳት ዋና አስተላላፊዎች አይደሉም። ዋናው መንገድ ስለት ነው። የእንሰት ቅጠል ለከብት መኖ፣ ለመጠቅለያና ለቆጮ ጉድጓድ ማልበሻ ዓመቱን ሙሉ ይቆረጣል። የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ወይም ገጀራ ሳይጸዳ ወደሚቀጥለው ተክል ሲሄድ ባክቴሪያውንም ይዞ ይሄዳል። ጎረቤት ከጎረቤት ስለት ሲዋዋስ ወይም በደቦ ሲሠራ በሽታው ከአጥር አጥር ይሻገራል።

ሁለተኛው መንገድ ችግኝ ነው። እንሰት በአብዛኛው የሚባዛው የሥሩን እምብርት አውጥቶ በመቅበር ሲሆን ከአንድ እናት ተክል በርካታ ችግኞች ይበቅላሉ። እናቲቱ የታመመች ከሆነች በሽታው በችግኞቹ አማካይነት ወደ ብዙ ጓሮዎች ሊበተን ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ የታመመ ተክል የሚበሉ ከብቶች፣ ሥሩን የሚቆፍሩ ጃርትና ፍልፈል በማስተላለፍ ይጠረጠራሉ።

የሥር ሚሊበግ

ሚሊበግ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል፣ የእንሰትን ሥር እየመጠጠ የሚኖር ትንሽ ነፍሳት ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1988 በጌዴኦ ወናጎ መኖሩ ተዘግቧል፤ በሲዳማም ይገኛል። ጉዳቱ ከመሬት በታች ስለሆነ ገበሬው በመጀመሪያ የሚያየው ቅጠሉን ነው። ተክሉ ይቀጭጫል፣ ቅጠሎቹ ቢጫ ይሆናሉ፣ መድረቁም ከዳር ወደ መሃል ይሄዳል። የመሃሉ ለጋ ቅጠል ለብዙ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ይህ ከአጠውልግ የሚለየው ዋና ምልክት ነው።

ጥርጣሬው የሚረጋገጠው አፈሩን በመግለጥ ነው። ሥሩ ላይ ነጭ ነፍሳት ተጣብቀው ይታያሉ፤ ሥሩ ስለሚሳሳ ተክሉ ሲጎተት በቀላሉ ይነቀላል። በተክሉ ግርጌ ብዙ ጉንዳን መመላለሱም ጥርጣሬን ያጠናክራል። ጉንዳኖች ሚሊበጉ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወዱ ይንከባከቡታል፣ ከሥር ወደ ሥርም ይሸከሙታል። ወደ ሩቅ ቦታ የሚዛመተው ግን በተበከለ ችግኝ ነው። ስለዚህ ችግኝ ከመተከሉ በፊት ሥሩ ታጥቦ መታየት አለበት።

ነጠብጣብና መስመር

በእንሰት ቅጠል ላይ የሚታዩ ክብ ወይም ሞላላ ቡናማ ነጠብጣቦች ብዙውን ጊዜ የፈንገስ ሥራ ናቸው። በዝናብ ወራት፣ ተቀራርበው በተተከሉ ችግኞችና ባረጁ ቅጠሎች ላይ ይበዛሉ። ቅጠሉን ያበላሻሉ እንጂ ተክሉን የሚገድሉት ከስንት አንዴ ነው። ችግኞችን ማራራቅና በጣም የተጎዱትን ቅጠሎች ማስወገድ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

በቅጠሉ ላይ ከጎን ጅማቶች ጋር ትይዩ የሆኑ ፈዛዛ ቢጫ መስመሮች ከታዩ ደግሞ ቫይረስ ይጠረጠራል። በቫይረስ የተያዘ ተክል የሚድንበት መድኃኒት የለም፤ ዋናው ጥንቃቄ ለችግኝ እናትነት አለመምረጥ ነው።

የምግብ እጥረት

ከቤት አጠገብ ያለ እንሰት ፍግ፣ አመድና የቤት ጥራጊ ስለሚደርሰው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ከቤት የራቀው ግን ብዙ ጊዜ ፈዛዛ ነው። ልዩነቱን በሽታ አድርጎ መውሰድ የተለመደ ስሕተት ነው።

የምግብ እጥረትም የሚለየው በቅጠሉ ዕድሜ ነው። ናይትሮጂን፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በተክሉ ውስጥ መንቀሳቀስ ይችላሉ። እጥረት ሲኖር ተክሉ ካረጁት ቅጠሎች ወስዶ ለለጋዎቹ ስለሚሰጥ ቢጫነቱ ከዳር ይጀምራል። ናይትሮጂን ሲያንስ ቅጠሉ በሙሉ ይገረጣል። ፖታሲየም ሲያንስ የአሮጌው ቅጠል ጠርዝ ቢጫ ሆኖ ይደርቃል። ብረትና ካልሲየም ግን በቀላሉ አይንቀሳቀሱም፤ ስለዚህ እጥረታቸው በለጋ ቅጠል ላይ ይታያል። እንዲያም ሆኖ በምግብ እጥረት የተጎዳ ቅጠል እንደ አጠውልግ በድንገት አይዝልም፣ ሲቆረጥም ወፍራም ፈሳሽ አያወጣም።

አየርና እንስሳት

ነፋስ የእንሰትን ቅጠል በጎን ጅማቶቹ መካከል ይሰነጥቀዋል። ቅጠሉ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ይህ አያሰጋም። እንደ ሁላ ባሉ የሲዳማ ደጋዎች ውርጭ ቅጠሉን በአንድ ሌሊት ሊያቃጥለው ይችላል፤ ጉዳቱ በብዙ ተክሎች ላይ በአንድ ጊዜ ስለሚታይ ይለያል። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው የሐዋሳ አካባቢ ይበልጥ የሚያሰጋው ድርቀት ነው። በድርቀት የተጎዳ ተክል ቅጠሉን ያጥፋል፣ ዝናብ ሲዘንብ ግን ይነሣል። አጠውልግ የያዘው አይነሣም።

ትናንት ደህና የነበረ ተክል ዛሬ ተጋድሞ ከተገኘ ሥሩ መታየት አለበት። ፍልፈል ከመሬት በታች ቆርጥሞት ሊሆን ይችላል፤ የጥርሱ ምልክትና የቆፈረው ጉድጓድ ይታያሉ።

በቤት ውስጥ የሚያድግ እንሰት

እንሰት ከኢትዮጵያ ውጭ በብዛት የሚታወቀው ለጌጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1853 በምጽዋ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ዘሩን በለንደን አቅራቢያ ወደሚገኘው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ልኳል። ዛሬ በቀዝቃዛ አገሮች ቅጠሉ ቀላ ያለው ዓይነት በበጋ ከቤት ውጭ፣ በክረምት ደግሞ በመስታወት ቤት ወይም በቤት ውስጥ ይቀመጣል።

በቤት ውስጥ የሚታየው ጉዳት ከጓሮው ይለያል። ሞቃትና ደረቅ አየር ለሸረሪት ዘመድ ለሆነው ሚጥ ይመቻል። ሚጥ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ትንሽ ፍጥረት ሲሆን የቅጠሉን ሕዋሳት አንድ በአንድ ይመጣል። በመጀመሪያ በቅጠሉ ፊት ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ፈዛዛ ነጥቦች፣ ሲብስ በጀርባው ቀጭን ድር ይታያል። ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ይዞ ቅጠሉን መታ መታ ማድረግ ይቻላል፤ ወረቀቱ ላይ የወደቁት ነጥቦች ከተንቀሳቀሱ ሚጥ ነው። ይህ ፈተና በቤት ውስጥ ለሚያድግ ለማንኛውም ተክል ይሠራል። ጠርዙ ብቻ ቡናማ ሆኖ የደረቀ ቅጠል ግን ብዙውን ጊዜ የአየር ድርቀት ወይም የማዳበሪያ ጨው መብዛት ምልክት ነው። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውሃ ሥሩን እያበሰበሰው ሊሆን ይችላል።

ምልክቶቹ በአጭሩ

• ከመሃል የጀመረ መጠውለግ፣ ሲቆረጥ ወፍራም ክሬም ወይም ቢጫ ፈሳሽ፦ አጠውልግ
• ከዳር የጀመረ መድረቅ፣ መቀጨጭ፣ በሥሩ ላይ ነጭ ነፍሳት፦ ሚሊበግ
• የአሮጌ ቅጠሎች ቀስ በቀስ መገርጣት፣ ጤነኛ ሥር፦ የምግብ እጥረት
• ቡናማ ነጠብጣብ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ተክል፦ ፈንገስ
• ከጎን ጅማቶች ጋር ትይዩ የሆኑ ቢጫ መስመሮች፦ ቫይረስ
• ጥቃቅን ፈዛዛ ነጥቦችና ድር፦ ሚጥ
• ድንገተኛ መውደቅ፣ የተቆረጠመ ሥር፦ ፍልፈል

ከተለየ በኋላ

ለአጠውልግ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ሥራው ማገድ ነው። የታመመው ተክል ከነሥሩ ተቆፍሮ ይወጣል፣ ከጤነኞቹ ርቆ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል እንጂ ለከብት አይሰጥም። ስለቱ ከተክል ወደ ተክል ሲሄድ በእሳት ይለበለባል። በተነቀለው ቦታ ወዲያው እንሰት አይተከልም፤ ለተወሰነ ጊዜ ሌላ ዓይነት ሰብል ይዘራበታል። ችግኝ የሚወሰደው በሽታ ካልታየበት ጓሮ ነው። የእንሰት ዝርያዎች ለበሽታው ያላቸው አቅም እኩል አይደለም። በወላይታና በዳውሮ የሚታወቀው ማዚያ የተባለው ዝርያ በሙከራዎች ከሌሎች የተሻለ ተቋቋሚ ሆኖ ተገኝቷል፤ ፈጽሞ የማይያዝ ግን አይደለም። ስለዚህ በአንድ ጓሮ ውስጥ ልዩ ልዩ ዝርያዎችን ቀላቅሎ መትከል ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይጠፋ ይረዳል።

የአንድ ሰው ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም። ጎረቤቱ የታመመውን እንሰት ካልነቀለ ወይም ቢላዋውን ሳያጸዳ ካዋሰ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። በአንጻሩ የመንደሩ ሰዎች ምልክቱን ከለዩ፣ የታመመውን በአንድ ወቅት ከነቀሉና ስለታቸውን ካጸዱ ጉዳቱ በጥቂት ተክሎች ላይ ሊገታ ይችላል።