ያልቀለጠ ሽቦ ሁሉ አይሸከምም

ሁለት ሦስት ቁራጭ መስታወት ተደራርቦ እቶን ውስጥ እስከ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሞቅ ተዋህዶ አንድ ይሆናል። መስኮት ላይ ወይም አንገት ላይ እንዲንጠለጠል ከተፈለገ፣ እቶን ከመግባቱ በፊት የሽቦ ቀለበት በቁራጮቹ መካከል ይቀበራል። ስለ ሽቦው ከሻጭ ወደ ሠሪ የሚዞር አንድ አባባል አለ፤ «እቶኑ ውስጥ ካልቀለጠ ይሆናል።» አባባሉ ቁንጽል እውነት አለው። አሉሚኒየም ገና በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ከምርጫው ይወጣል፤ መዳብ ግን እስከ 1,085 ዲግሪ ስለሚቆይ ያልፋል። ይሁን እንጂ የመቅለጫ ሙቀት የሚነግረን የትኛውን ሽቦ እንደምንጥል እንጂ የትኛውን እንደምናምን አይደለም። ሽቦው ቅርጹን ይዞ ወጣ ማለት ጥንካሬውን ይዞ ወጣ ማለት አይደለም። ይህን ሳይለዩ «ይሆናል» የሚሉ መካሪዎች፣ ምክራቸው የሚፈተነው መስታወቱ ከሰው ራስ በላይ ከተሰቀለ በኋላ መሆኑን ቢያስቡት መልካም ነበር።

መዳብን እንውሰድ። አዲስ የመዳብ ሽቦ ጠንከር የሚለው በጠባብ ቀዳዳ እየተጎተተ ሲቀጥን ስለጠነከረ ነው። እቶኑ ይህን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ ተመልሶ የሚወጣው መዳብ በጣት የሚታጠፍ፣ የመሸከም አቅሙም ወደ ግማሽ የወረደ ነው። በዚያ ላይ ከመስታወቱ ውጭ የቀረው ቀለበት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል። ቅርፊቱ በረገፈ ቁጥር የሚሄደው ከሽቦው አካል ስለሆነ፣ ቀጭኑ ሽቦ ይብሱን ይቀጥናል። ኒክሮም ግን ሌላ ነው። 80 በመቶ ኒኬልና 20 በመቶ ክሮሚየም ያለው ቅይጥ የሚቀልጠው በ1,400 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም፣ ዋናው ብልጫው ይህ አይደለም። ላዩ ላይ የሚፈጠረው ስስ ሽፋን አጥብቆ ስለሚይዝ ውስጡን ከአየር ይጋርዳል፤ ይጠቁራል እንጂ እንደ መዳብ አይላጥም። በኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች ውስጥ ፍም መስሎ የሚያገለግለውም ለዚህ ነው። «እንግዲያው ከተበላሸ ምጣድ ሽቦ እንንቀል» የሚል ካለ ግን አይቸኩል። ለማሞቂያ የሚውለው ሁሉ ኒክሮም አይደለም፤ የብረት፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ቅይጥም አለ፤ እሱ ደግሞ ብዙ ከጋለ በኋላ ሲያጥፉት ይሰበራል።

የመዳብ ወዳጆች «መስታወቱን የማይሰነጥቀው መዳብ ነው» ይላሉ፤ ተቃውሞው ክብደት አለው። ለእቶን ሥራ የሚውለው መስታወት በእያንዳንዱ ዲግሪ ከሚሊዮን 9 እጅ ያህል ይሰፋል፤ ኒክሮም 13 ወይም 14፣ መዳብ 17፣ ብር 19። ሲቀዘቅዙ ሁሉም ሽቦዎች ከመስታወቱ አብልጠው ይኮማተራሉ። መዳብና ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆኑ ለውጥረቱ ይለጠጡለታል። ነገር ግን መስታወቱን ያተረፈው ልስላሴ ራሱ ነው በኋላ ቀለበቱን ከፍቶ መስታወቱን የሚጥለው። ለቀላል የጆሮ ጉትቻ መዳብ ይበቃል፤ ከባድ ለሆነ ሥራ ግን መፍትሔው ቀጭን ኒክሮም ነው፤ ሽቦው በቀጠነ መጠን መስታወቱ ላይ የሚያሳድረው ጫና ይቀንሳልና። «ወፍራም ሽቦ ይሻላል» የሚለው ሁለተኛው ተረት እዚሁ ይወድቃል፤ የሚወፍር ሽቦ መስታወቱን ይሰነጥቃል። ክብደት ከጨመረ በሁለት ቀጫጭን ቀለበቶች ማከፋፈል ይበጃል። የሚቀበረው ጫፍም ይጠማዘዝ፤ ቀጥ ያለ ለስላሳ ሽቦ ተንሸራቶ ይወጣል።

የቀሩት ተረቶች ብዙ አያከራክሩም። «ብር ሁሉ አንድ ነው» ይባላል፤ 925 የሚባለው ብር ግን 7.5 በመቶው መዳብ ስለሆነ በ800 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል፤ እቶን የሚገባው 999 ንጹሕ ብር ነው። ዚንክ የተቀባ የአጥር ሽቦ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ፤ ዚንኩ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ሙቀቱ ሲጨምርም ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

የማንንም ቃል ማመን አያስፈልግም። ከጥቅሉ አንድ ስንዝር ቆርጦ ያለ መስታወት ከሌላ ሥራ ጋር እቶን ማስገባት፣ ሲቀዘቅዝ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ማጠፍ ነው። ከረገፈ፣ ከተሰበረ ወይም እንደ ክር ከላላ፣ አለመቅለጡ ምንም አልጠቀመም።